ቅርፊት አለው?

በኛ ሰፈር ድግስ ማለት ሁለት ድስት ማለት ነው። አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የሙስሊም። ሁለት በግ ይመጣል፣ አንዱን የኛ ሰው በስመ አብ ብሎ ያርደዋል፣ ሌላውን የነሱ ሰው ቢስሚላህ ብሎ። የእድራችን ዕቃ ራሱ በቀለም ተለይቷል፤ ቀይ የተቀባው የኛ፣ አረንጓዴ የተቀባው የነሱ። ማንም አይከፋውም፣ መቱ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደዚህ ሆኖ ነው ያደገው። እኔን ግን ያናድደኛል። የልብ ጓደኛዬ ከአጥር ወዲያ ያሉት ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ድግስ በመጣ ቁጥር እሷ እዛኛው ድንኳን፣ እኔ እዚህኛው። በሸራው ቀዳዳ እየተያየን ምላስ እናወጣለን።

ሽሮማ ከአንድ ትሪ ስንበላ ነው የኖርነው። ግን በሽሮ ማን ምርቃት ይደግሳል?

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ሁለታችንም በአንድ ቀን ተመረቅን። ቤተሰቦቻችንም ድግሱን አንድ ላይ ሊያደርጉት ተስማሙ፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ድንኳን፣ ያው ሁለት ድስት። ጓደኛዬ ድሬዳዋ ሥራ አግኝታ ነበር። ድግሱ እሁድ፣ መንገዷ ሰኞ። ድግሱን መግፋት ደሞ አይቻልም፣ ፍልሰታ እየመጣ ነው። ሁለቱ እናቶች እኛ ቤት ተቀምጠው የበግ ነገር ሲመክሩ እኔ ፈነዳሁ።

"ይቺ ልጅ ልትሄድ ነው! አንድ ቀን እንኳን ድግስ ላይ ከአንድ ድስት ሳንበላ ልትሄድ ነው!"

"ታዲያ ምን ይሁን?" አለች እማዬ። "ሳይታረድ የሚበላ ከብት ካገኘሽ አምጪ።"

"ዓሣ!" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እኔንጃ። "ዓሣ አይታረድም!"

ሁለቱ እናቶች ተያዩ። ቀድማ የተናገረችው የጓደኛዬ እናት ናት፤ "ወላሂ እውነቷን ነው፣ ዓሣ ቢላዋ አይፈልግም። ለኛም ለናንተም ይሆናል።"

እማዬ በቀላሉ የምትሸነፍ ሰው አይደለችም። "እሺ። እስከ ቅዳሜ ማታ ዓሣ ካመጣሽ አንድ ድስት። ካላመጣሽ በጎቹ ይታረዳሉ፣ ከዛ በኋላ ድምፅሽን እንዳልሰማው።"

መቱ ላይ ለድግስ የሚሆን ዓሣ ገዝቶ መምጣት የሚባል ነገር የለም፣ በተለይ በክረምት። እኔ ግን አጎቴ አለልኝ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እሁድ እሁድ ሶር ወንዝ ዳር መንጠቆ ይዞ ካልተቀመጠ የሚያመው። ነገሩን ስነግረው የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ ተነሳ።

"ሶርማ በዚህ ክረምት ሰው ይወስዳል እንጂ ዓሣ አይሰጥም" አለ። "ደዴሳ ነው የምንሄደው! የተገደበው ጋ! ዓርብ በደሌ ጭነት አለኝ፣ ቅዳሜ ባዶዬን ነው የምመለሰው።"

ጓደኛዬ አልቀርም አለች። ሐሙስ ከሰዓት ከአባቷ የቡና መጋዘን ጀርባ ሄደን ትል ቆፈርን። የቡና ገለባ ተከምሮ የሚበሰብስበት ቦታ ነው፣ ክረምት ላይ አካፋ ባስገባሽ ቁጥር ትሉ እንደ ፓስታ ነው የሚወጣው። ሁለት የሙያ ባለቤቶች፣ አንድ አካውንታንት አንድ ነርስ፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን በዘይት ቆርቆሮ ትል ስንለቅም አባቷ በሩ ላይ ቆመው አዩን።

"ለዚህ ነው አራት ዓመት ያስተማርኳችሁ?" አሉ፣ እየሳቁ ገቡ።

ዓርብ በጠዋት ተነሳን። ያዮ ጫካው ውስጥ ጉሙ መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር፣ አጎቴ መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው ያለፈው፣ እኔ ደሞ "ጋሼ ንዳው እንጂ!" እያልኩ ጆሮውን በላሁት። በደሌ ጭነቱን አራግፈን ወደ ቆላው ወረድንና አንዱን ኮረብታ ስንዞር ሐይቁ ብቅ አለ።

እኔ እስከዛሬ የማውቀው ውሃ የሚሄድ ውሃ ነው። ይሄ ተኝቷል። ወዲያኛው ዳር አይታይም፣ ሰማይና ውሃ አንድ ላይ ግራጫ ሆነዋል። ግድቡ ውሃ ሲይዝ ያልተቆረጡ ዛፎች መሀል ላይ እንደቆሙ ደርቀዋል፣ ጫፋቸው ላይ ወፍ ተቀምጧል። ድሮ ወደ ታች ይወርድ የነበረው የጠጠር መንገድ ደሞ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ውሃው ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ ክንዴን ጨበጠችኝ። "እዚህ ውስጥ ዓሣ ከሌለ የትም የለም" አለች።

አጎቴ አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና ወንዙ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት ቦታ ወሰደን። እዛ ውሃው ቡናማ ነው፣ ይጮሃል፣ ቅጠልና ግንድ ይዞ ይመጣል።

"የተኛ ውሃ ውስጥ ምን ዓሣ አለ?" አለ። "ዓሣ የሚሄድ ውሃ ነው የሚወደው። ደሞ ሲደፈርስ ትል ፍለጋ ዳር ዳር ይላል። ሶር ያሳደገው ሰው ይሄን አይስትም።"

እኛም ሶር ያሳደገን ነና አመንነው። መንጠቆዎቹ የኮት መስቀያ ያክላሉ፣ ማስመጫው ከመኪናው የተረፈ ዳዶ ነው። ወረወርን። ገና ገመዱን ጣቴ ላይ ሳልጠቀልለው ሳበኝ! እንደ ዓሣ አይደለም፣ እንደ ጥጃ ነው የሳበኝ። ጮህኩ። አጎቴ "ልቀቂለት! ያዢው! ልቀቂለት!" ይላል፣ የቱን እንደማደርግ ሳላውቅ ወደኋላ ሮጥኩ፣ ጭቃው ላይ በቂጤ ወደቅኩ፣ ሳየው ዓሣውም አብሮኝ ወጥቷል። ክንዴን የሚያክል ጥቁር አምባዛ፣ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለው፣ ሣሩ ላይ ይገላበጣል። ጓደኛዬ ወዲያው ሌላ ያዘች። አጎቴ ሌላ። ከሰዓቱን ሙሉ እንደዛ ነበር። ስንጮህ መረባቸውን ዳር ላይ ዘርግተው የሚጠግኑ ልጆች ሥራቸውን ትተው መጥተው ቆሙ።

"ዋረ መቱ!" አለን አንዱ፣ የመቱ ሰዎች ማለቱ ነው። "ዓሣ ነው የምትይዙት ወይስ እየተጣላችሁ ነው?"

ባልዲው ሲሞላ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ኔትወርክ ፈልጌ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ! አንድ ድስት! አንድ ድስት ሆነ!"

"ምን ዓይነት ዓሣ ነው?"

"አምባዛ ነው፣ ክንዴን ያክላል! እንዴት እንደሚስብ ብታዪ!"

"ቅርፊት አለው?"

"ምን?"

"ቅርፊት! ላዩ ላይ እንደ ሳንቲም የተደራረበ።"

ባልዲውን አየሁት። አምባዛው ልስልስ ያለ፣ የሚያንሸራትት፣ ከጭራ እስከ አፉ ራቁቱን የሆነ ፍጥረት ነው። "ጢም አለው" አልኩ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

"ጢም! ንስሐ አባቴ ድግሱን ሊባርኩ መጥተው ጢም ያለው እባብ ላቅርብላቸው? ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኛ እንደማንበላ አታውቂም? አራት ዓመት ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?"

"አካውንቲንግ!"

"በይ በጎቹን አስመጣለሁ።"

"እስከ ቅዳሜ ማታ ነው ያልሽው! ቅዳሜ ነገ ነው!"

"ብያለሁ" አለችና ዘጋችው።

ተመልሼ ስነግራቸው ጓደኛዬ "ለኛ ግን ይሆናል እኮ" ብላ ልትስቅ ሞከረች።

"ለናንተማ ይሆናል። የማልበላው እኔ ነኛ" አልኳት። ሳቋን ዋጠችው።

አጎቴ ጭንቅላቱን እያከከ "ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ነው፣ እሱን ደሞ እኔ ይዤ አላውቅም" አለ። መረብ ጠጋኞቹን ጠየቅናቸው። ቆሮሶ ሞልቷል፣ እነሱ ግን የሚይዙት በመረብ ነው፣ መረቡን ደሞ ጎርፉ ግንድ እያመጣ ስለሚቀድባቸው አውጥተውታል። "መስከረም ላይ ኑ" አሉን። መስከረም! አምባዛውን እንዳለ ሰጠናቸው፣ ወደ በደሌ ተመልሰን አደርን። ጓደኛዬ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔም ምንም አልተናገርኩም። ለኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ሐይቁ ላይ ነበርን። አጎቴ ያው ቦታው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ወረወረ። አምባዛ። መልሶ ወረወረ። አምባዛ።

"ጋሼ፣ እዚህ ቆሮሶ የለም።"

"ትዕግሥት አድርጊ። አንቺ ዓሣ ሳይሆን ታክሲ የምትጠብቂ ነው የምትመስይው።"

እኔ መቀመጥ አልችልም፣ ከድሮም አልችልም። ተነስቼ በዛ ውሃ ውስጥ በሚገባው የድሮ መንገድ ላይ ሄድኩ። መንገዱ ከግራ ቀኙ መሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ብዙ ርቀት ውሃው መሀል እንደ ድልድይ ይዘልቅና ከዛ ይሰጥማል። መጨረሻው ላይ ቆሜ በቀኝ አየሁ፤ ቡናማ፣ የወንዙ ጎርፍ። በግራ አየሁ፤ አረንጓዴ! ጥርት ያለ አረንጓዴ! መንገዱ ጎርፉን እንደ ግድግዳ አግዶት፣ በግራ በኩል ያለው ውሃ ሳይደፈርስ ቁጭ ብሏል። አንዲት ጥቁርና ነጭ ወፍ እዛ ላይ እየተንሳፈፈች ቁልቁል ትወረወራለች፣ ትንሽ ዓሣ በአፏ ይዛ ትወጣለች። በቀኝ በኩል አንድም ወፍ የለም። በደፈረሰ ውሃ ምን አይታ ትወርወር? ቁጢጥ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። የሰጠመ ቁጥቋጦ አለ፣ በቅርንጫፎቹ መሀል ጠፍጣፋ ጥላዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። አንዱ ጎኑን ሲያዞር እንደ መስታወት ብልጭ አለ። ቅርፊት!

"ኑ!" ብዬ ጮህኩ። ከዛ ዓሣዎቹ እንዳይሸሹ አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ከዛ ደግሞ አልቻልኩም፣ "ኑ እንጂ!"

እየሮጡ መጡ። አጎቴ ያን ዳዶ የታሰረበት መንጠቆ ጧ አድርጎ ሲወረውረው ጥላዎቹ በሙሉ ብትን አሉ። ጠበቅን፣ ተመለሱ። ትሉን ከበቡት፣ በጥቂት በጥቂቱ ነከሱት፣ ጨረሱት፣ ባዶ መንጠቆ ትተውልን ሄዱ። አፋቸው ትንሽ ነው፣ የኮት መስቀያ አይገባበትም። ትንሽ መንጠቆ ደሞ ማናችንም የለንም።

ጓደኛዬ ውሃውን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዛ እጇን ወደ ሻርፗ ሰደደችና መርፌ ቁልፍ ነቀለች። አንድ፣ ሌላ፣ ደሞ ሌላ። ሻርፗ በነፋስ ሲበር ወደኋላ ጥላ አሰረችው።

"ጋሼ፣ ፒንሳ አለዎት?"

አጎቴ ከመኪናው ፒንሳ አምጥቶ አንገታቸውን እንደ ትንሽ መንጠቆ አጠመዘዘላት። ዳዶውን ጣልነው። ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ስፖንጅ ቆርጠን ከላይ አሰርን፣ እሱ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ ትሉ ይንጠለጠላል፤ ስፖንጁ ስጥም ሲል ዓሣው ነክቷል ማለት ነው። ትሉንም ቆራርጠን የጥፍር ያህል አደረግነው። ጥላችን ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ተቀመጥን።

ስፖንጁ ጠቅ አለ። ሳብኩ። ቆሮሶ! የእጄን መዳፍ የሚያክል፣ ወፍራም፣ ክንፉን እንደ ጃርት ያቆመ። አየር ላይ ይዤው በቅርፊቱ ላይ ብርሃን ሲጫወት ጓደኛዬ እልልታዋን ለቀቀችው።

"ዝም በይ፣ ትበትኛቸዋለሽ!"

"አንቺ ነሽ ዝም በይ የምትይኝ?"

መርፌ ቁልፍ ግን እንደ መንጠቆ አይደለም። መንጠቆ ጫፉ ላይ ዓሣው እንዳያመልጥ የምትይዝ እሾህ አለችው፣ መርፌ ቁልፍ የለውም። ገመዱን ለትንሽ እንኳ ካላላሽው ዓሣው ይተፋዋል። አጎቴ የለመደው ደሞ መጠበቅ ነው፤ "ቆይ ይዋጠው፣ ቆይ፣ ቆይ" ይላል፣ ሲስብ ባዶ።

"ጋሼ፣ ዋጡት እኮ፣ ትሉን!" አልኩት።

"ይቺ ልጅ ዛሬ ጉድ ታደርገኛለች" ይላል፣ መልሶ ይጠብቃል፣ መልሶ ባዶ።

እኔ አልጠበቅኩም። ስፖንጁ ነቅነቅ ሲል መሳብ፣ ሳላቋርጥ መሳብ፣ መንገዱ ላይ መጣል። ነቅነቅ፣ መሳብ፣ መጣል። ጓደኛዬ ትል ትሰካለች፣ ትወረውራለች፣ ዓሣ ትፈታለች፣ እጃችን በክንፋቸው ተወግቶ ደምቷል፣ ማንም ግድ የሰጠው የለም። አጎቴ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ገመዱን ጣለና ባልዲ ያዥ ሆነ። መርፌ ቁልፉ ግማሹ የሰጠመው ቁጥቋጦ ላይ እየተያዘ ቀረ፣ ደሞ ሌላ ከሻርፗ ትነቅላለች። የሷን ሻርፕ በሕይወቴ እንደዛ አመስግኜው አላውቅም።

ከዛ አጎቴ "ደመናው" አለ።

ከኮረብታው ጀርባ ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። የኮረብታው ወገብ የታረሰ ቀይ አፈር ነው፣ ዝናብ ከወረደበት ይሄም ውሃ ይደፈርሳል፣ ያኔ አለቀ። አንድ ባልዲ ሞልተናል፣ ሁለተኛው ገና ግማሽ ነው።

"ፍጠኚ!"

"እየፈጠንኩ ነው!"

የመጀመሪያው ጠብታ አንገቴ ላይ ወደቀ። ዓሣው የገባው ይመስል መንከሱ ባሰ፣ አንዱን ሳልፈታ ስፖንጁ እንደገና ይሰጥማል። ዝናቡ ሲለቀው ከኮረብታው ሥር ቀይ ውሃ እንደ ክር ቀጥኖ መጣ፣ ከዛ ሰፋ፣ አረንጓዴው ላይ ተነጠፈ። ስፖንጁ ቀጥ አለ። በቃ። አንድ ባልዲ ተኩል።

ዛፍ ሥር ተጠልለን ሆድ ዕቃቸውን አወጣን፣ ጨው ነሰነስንባቸው፣ ከመንገድ ዳር በለመንነው የኮባ ቅጠል ጠቀለልናቸው። አጎቴ ባልዲውን ደጋግሞ አየው።

"ለዚያ ሁሉ ሰው? ይሄ ቅምሻ ነው።"

"ቅምሻም ይሁን፣ አንድ ድስት ነው!" አልኩት። ግን እኔም ፈርቼ ነበር።

መቱ ስንገባ ሊመሽ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለቱ በጎች ታስረው ሣር ይበላሉ። እማዬ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ የጓደኛዬ እናት ከጎኗ። ኮባውን ፈታሁት። እማዬ አንዱን አነሳች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ከጭራው ወደ ራሱ ፋቀችው። ቅርፊቱ ተፈናጥሮ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ።

"አለው" አለች። ከዛ ባልዲውን አየችና "ግን አነሰ።"

"አነሰ ብለን ልንመልሰው ነው?" አለች የጓደኛዬ እናት። "ጎመኑ አለ፣ ምስሩ አለ፣ አይቡ አለ። ወስፋታቸውን ልንመዝን ነው እንዴ የጠራናቸው?"

እማዬ በጎቹን አየች፣ እኔን አየች። "እነዚህን ፍቱና ጓሮ እሰሩ" አለች። ጓደኛዬና እኔ ተቃቅፈን ስንዘል የዓሣ ሽታችን ሁለቱን እናቶች አሸሻቸው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። "በየትኛው ድስት?" አለች እማዬ።

ለካ ማናችንም አላሰብነውም! ቀዩ የኛ ሥጋ ሲሠራበት የኖረ ነው፣ አረንጓዴው የነሱ። በቀዩ ከተሠራ እነሱ አይነኩትም፣ በአረንጓዴው ከተሠራ ንስሐ አባታችን። ደዴሳ ድረስ ሄጄ፣ በቂጤ ወድቄ፣ ድስት ሊያሸንፈኝ! ላለቅስ ነበር። የጓደኛዬ እናት በአጥሩ በር ወጣች። ስትመለስ ገና ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ ድስት ይዛለች።

"ለድሬዳዋ የገዛሁላት ነው" አለች። "ያው ሊሠራበት አይደል።"

እሁድ በዛች ድስት ተሠራ። ለቤት የተገዛች ስለሆነች ትንሽ ናት፣ እየተገለበጠች፣ እየታጠበች፣ ደጋግሞ ተሠራባት። ሁለቱ እናቶች ግራና ቀኝ ቆመው በጨው ሲጣሉ ዋሉ። ንስሐ አባታችን ከመባረካቸው በፊት አንዱን ቁራጭ አገላብጠው ቆዳውን አዩና "መልካም" አሉ፣ ወደ ጓደኛዬ አባት ጠጋ ብለው ተቀመጡ። አባቷ ደሞ "አባ፣ እሾኹን ይጠንቀቁ፣ ልጆቹ በመርፌ ነው ያጠመዱት፣ መርፌም አይጠፋውም" አሏቸው። አጎቴ ለሚሰማው ሁሉ ዓሣውን ራሱ እንደያዘው ያወራል፣ እኛ ፊት ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ዓሣው ቶሎ አለቀ። ሁለተኛ ዙር የፈለገ ጎመን ነው ያገኘው፣ አንዳንዱም አጉረምርሟል። እኔና ጓደኛዬ ድንኳኑ መሀል አንድ ትሪ ላይ ነበርን። የመጨረሻውን ቁራጭ ሁለታችንም አየነው፣ ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን። እኔ ቀደምኩ። ከዛ አጎረስኳት።

ሰኞ በጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣዋ አውቶቡሱ አናት ላይ ተጭኗል፣ ድስቷን ግን ጭኗ ላይ ነው የያዘችው። ሻርፗ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል፣ ባንድ እጇ ትይዘዋለች።

"መርፌ ቁልፎቼስ?" አለችኝ በመስኮቱ።

"ደዴሳ ናቸዋ! ቁጥቋጦው ላይ!"

"ሁሉም?"

"ሁሉም! መስከረም ላይ ነይና እናወጣቸዋለን፣ ውሃው ሲጠራ!"

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ድስቷን ከፍታ ክዳኑን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደችብኝ። ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንኳ የዓሣው ሽታ አልለቀቀም።